ከቤተ መጻሕፍቱ በር የተነቀለ ዝርዝር

የምወደውን መጽሐፍ፣ ፊልምና ዘፈን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። እስክሪብቶ ከያዘ መልሴ ያጥራል። ስልክ ከያዘ ጭራሽ አልመልስም።

ባለፈው ዓመት የጠየቀችኝ ልጅ ሁለቱንም ይዛ ነበር። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። የመጣችው ከደቡብ ነው። ኦሮምኛ ገና እየለመደች ስለሆነ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ «አካም ቡልተን፣ እማማ» ትለኛለች። ጨዋ ናት። ጨዋ ሰው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን እናቱ አሳድጋዋለች፣ ሌላው የሚፈልገው ነገር አለ። የትኛዋ እንደሆነች ገና አልለየሁም ነበር።

«እማማ፣ የንባብ ክበብ አቋቁመናል» አለችኝ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ። «የከተማውን ትልልቅ ሰዎች የሚወዱትን እየጠየቅን እንለጥፋለን። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ፊልም፣ አንድ ዘፈን። ለምን እንደወደዱትም አንድ ሁለት መስመር።»

«የት ነው የምትለጥፉት?»

«የከተማው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ።»

የጨመቅኩትን አንሶላ ደግሜ ጨመቅኩት።

«ወደ እኔ ማን ላከሽ?»

«ማንም። እዚሁ አይደል የምኖረው?» ሳቀች። «ድሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ይዘው እንደነበር ሰምቼ ነው።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ኧረ እማማ፣ ምርመራ አደረጉት እኮ!»

እንዳትጠረጥረኝ ብዬ መለስኩላት። መጽሐፍ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና የተጻፈች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ። ፊልም፣ ዓይኔ ስለሚደክም አላይም። ዘፈን፣ ድሮ ሬዲዮ ዜና ከመጀመሩ በፊት ያሰማው የነበረ የዋሽንት ዜማ። ዋሽንቱን ለምን እንደወደድኩት ስትጠይቀኝ «ቃል ስለሌለው» አልኳት። ካልኳት ሁሉ እውነቱ ይኼ ብቻ ነበር። ቃል የሌለው ነገር ማንንም አያስጠይቅም።

ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ስንት ልጆች አሉዎት፣ እማማ?» አለችኝ።

«የሉኝም።»

መጽሐፉን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አሰበችና ደብተሯን ዘጋች። እንዲያ መዝጋቷንም አልወደድኩትም።

እንዲህ የሆንኩት ዝም ብዬ አይደለም። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሚያዘኝም የሚያዛውረኝም የለም፤ ስለዚህ አሁን እጽፈዋለሁ። ስም አልጠራም። የሚመለከተው ሰው ካነበበው ራሱን ያውቃል፤ ያ ይበቃኛል።

እዚሁ አምቦ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ቤተ መጻሕፍት ጠብቄያለሁ። አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ዝም በሉ የምለው ሰው አልነበረኝም፤ ዝናቡ ራሱ ሁሉንም ዝም ያሰኝ ነበር። መጻሕፍቱን በካኪ ወረቀት የምለብዳቸው እኔ ነበርኩ። ሙጫ ስለማይገኝ ዱቄት በውሃ ቀቅዬ አጣብቃለሁ፤ ማዕዘኑን ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ አጥፋለሁ፤ ርዕሱን በትልቁ ጽፌ ከሥሩ በቀይ ሁለቴ አሰምራለሁ። ካኪ በዓመት አንዴ፣ ያውም ከቢሮ የተረፈው ነው የሚመጣልኝ። ስለዚህ ምስጥ የበላው ወይም ዝናብ ያበሰበሰው መጽሐፍ ሲወገድ ልባዱን አውልቄ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን ልኩ የሆነ ሌላ መጽሐፍ ይመጣል። ይህን ልማዴን እናንተ ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ ሳልለው ቀርቻለሁና።

ሰኞ ሰኞ በሩ ላይ አንድ ግማሽ ወረቀት እለጥፍ ነበር። «የዚህ ሳምንት ምርጫዬ» ይላል። ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ቪዲዮ ቤት አንድ ፊልም፣ ከሰማሁት አንድ ዘፈን፤ ከሥር ደግሞ ለምን እንደወደድኩት። የመጀመሪያውን ወረቀት ዳይሬክተሩ አይተው «ጥሩ ተነሳሽነት ነው» ብለው ፈረሙበት። በኋላ ሲጠየቁ ፊርማቸውን አላስታወሱትም። እኔ አስታውሳለሁ። ቀኝ ጠርዝ ላይ ነው፤ በአረንጓዴ እስክሪብቶ።

ሰዉ ዝርዝሬን ይወደው ነበር ማለት እችላለሁ፤ የወደደበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር የነገርኩትን መጽሐፍ ሁሉ ይወስዳል፤ ሲመልስ ፍቅረኞቹ የሚለያዩበት ገጽ ላይ የወጥ ነጠብጣብ አለ። እየበላ ነው የሚያለቅሰው። አንዱ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ «ወፍራም ምረጪልኝ» ይለኝ ነበር። ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ ያወቅኩት ቢሮው ገብቼ የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር መሆኑን ሳይ ነው። ዳይሬክተሩ በሥራ ዘመናቸው ከእኔ የተዋሱት ወንበር ብቻ ነው። አልመለሱትም።

በትክክል የምታነብ አንዲት ሴት ነበረች። የአማርኛ መምህርት ናት፤ ከእኔ አምስት ዓመት ታንሳለች። ቤቷ ከእናቷ ጋር ኦሮምኛ፣ ክፍል ገብታ አማርኛ፣ እኔ ዘንድ ስትመጣ ሁለቱን ቀላቅላ ትሳደባለች። መጽሐፍ ሲመለስልኝ ገጾቹን ስለምቆጥር «ቆጣሪዋ» ብላ ስም ያወጣችልኝ እሷ ናት።

«ቁጠሪ፣ ቁጠሪ» ትለኛለች፣ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «አንድ ገጽ በልቼብሻለሁ፤ ጨው አንሶት ነበር።»

ቪዲዮ ቤት አብረን እንሄድ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ከጎረምሶቹ መሀል ሴቶች ሁለታችን ብቻ ነን፤ ያውም ሃምሳን ያለፍን። የሕንድ ፊልም ሲሆን አንድ አስተርጓሚ በቴሌቪዥኑ አጠገብ ዘንግ ይዞ ይቆማል። ፍቅረኞቹ ሲነጋገሩ በአማርኛ፣ አባትየው ሲቆጣ በኦሮምኛ ነው የሚተረጉመው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው «አባቴ የሚቆጣኝ በኦሮምኛ ስለሆነ ነው» ብሎኛል። አንድ ቀን ቦታ ጠፍቶ ቆመን ሳለ አንዱ «ለእናቶች ቦታ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ።

«እናቶች አይደለንም፣ ተመልካቾች ነን!» አለችው። «ብትለቅ ግን አንጠላም።»

የዚያን ቀን ያየነው ፊልም እስከ ዛሬ ከሁሉ የምወደው ነው። አንዲት ሴት የናቀችው ልብስ ሰፊ የሠርግ ልብሷን እንዲሰፋ ይታዘዛል። ይሰፋዋል፤ ግን ጠርዙ ላይ ሆን ብሎ አንዲት የተጣመመች ስፌት ይተዋል። ሴትየዋ ያን ስፌት የምታየው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልብሱን ለልጇ ስታወጣ ነው። ጓደኛዬ «ምስኪን ሰውዬ» አለች። እኔ «ጎበዝ ሰውዬ» አልኩ። እስከ መንገዱ መጨረሻ ተከራከርን።

ዘፈኑ ደግሞ የጉደር የሠርግ ዘፋኝ የሆነች ሴት በኦሮምኛ የምትለው ነው። ካሴቱን አንድ ሠርግ ላይ ቀድቼ አንድ ቅጂ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ አስቀረሁ። ሙሽራዋን የምትሸኝ ጓደኛ ነው የምትዘፍነው። አንቺ ወንዙን ከተሻገርሽ የውሃውን መሙላት ማን ይነግረኛል የሚል ሐሳብ አለው። ድምጿ መሀል ላይ ይሰነጠቃል፤ ከጀርባ አንድ ሰው ያስላል፤ ሳሉ ራሱ የዘፈኑ ክፍል ሆኖብኛል። ያ ሳል የሌለበት ቅጂ ብታገኙ አትግዙት።

መጽሐፉ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ።

ዘመኑን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ የስልክ ዳታ ይጠፋል፤ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ግራና ቀኙን ያይ ነበር፤ «መሬት» የሚል ቃል ብቻውን ያስጠረጥር ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ሰኞ በሩ ላይ ያሰፈርኩት መጽሐፍ ስለ አንድ መሬት ቀያሽ ሚስት ነው። ባልየው ቀን የሚተክለውን ችካል እሷ የምትወደው ሰው ማሳ ውስጥ እንዳይገባ እየነቀለች ታዛውራለች። የድሮ ልብ ወለድ ነው፤ ከገጾቹ አብዛኞቹ ፍቅር ናቸው። ጓደኛዬ ያን ሳምንት ወሰደችው። ጉደር የታመመች እህት ነበረቻት፤ አጠገቧ ተቀምጣ ልታነብላት ነበር።

መንገድ ላይ ሚኒባሱ ቆመ፤ ፍተሻ ነበር። ቦርሳዋ ተከፈተ፣ መጽሐፉ ወጣ። እስከ አመሻሽ እንዳቆዩዋት ሰማሁ። በማግስቱ ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ሁልጊዜ «እትዬ» ይሉኝ የነበሩት ሰውዬ ያን ቀን «ወይዘሮ» አሉኝ።

«ወይዘሮ፣ ከቤተ መጻሕፍትዎ ሽፋኑ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ መጽሐፍ ወጥቷል።»

«ከእኔ ዘንድ እንዲህ ያለ አይወጣም።»

«መምህርቷ ከዚህ ነው የተዋስኩት ብላለች።»

«ሽፋኑ ምን ይላል?»

«የሒሳብ መምሪያ።»

«ውስጡስ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሬት ነው።»

«ኦቦ፣ አንብበውታል?»

«ማንበብ አያስፈልገኝም። በርዎ ላይ የጻፉትን አይቻለሁ።»

መጽሐፉን አሳዩኝ አልኩ፤ ለማስረጃ ተይዟል ተባልኩ። ወረቀቴን ከበሩ የነቀሉት ራሳቸው ናቸው፤ አራቱ ማዕዘን እንጨቱ ላይ ቀረ። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወደ ንብረት ክፍል። ጠመኔና መጥረጊያ የማድል ሆንኩ። ጠመኔ የሚወስድ ሰው ምን ላንብብ ብሎ አይጠይቅም። በእኔ ወንበር ላይ የዳይሬክተሩ ሚስት ዘመድ ተቀመጠች፤ ልጅቷ ገጽ አትቆጥርም ነበር አሉ።

ያኔ ነገሩን እንዲህ ብዬ ገመድኩት። እኔ መጽሐፍ አልደብቅም። ስለዚህ የደበቀችው እሷ ናት። መንገዱ እንደሚፈተሽ ታውቃለች፣ ርዕሱን ፈራች፣ የሒሳብ መምሪያ ሽፋን አለበሰችው፤ ስትያዝ ደግሞ ነገሩን ወደ እኔ ወረወረችው። እንከን አላገኘሁበትም። ክፉ ሐሳብ ሲገጣጠም ውበት አለው፤ ሰው ይወደዋል።

ሦስት ጊዜ ግቢዬ በር ላይ መጣች። በመጀመሪያው ቀን ከውስጥ ሆኜ «የለችም!» አልኩ።

«ሴትየዋ ከሌለች ድምጿን ለማን ትታ ሄደች?» አለች።

ሳቄ መጣና ዋጥኩት። ያንን መዋጤን ነው እስከ ዛሬ የማስታውሰው። ሁለተኛና ሦስተኛ ስትመጣ ድምፄንም አላሰማሁም።

ብዙም ሳይቆይ ጎጆ ወደምትባለው የደጋ ከተማ ተዛወረች ተባለ፤ በራሷ ጥያቄ። ይኼኔ ጥርጣሬዬ ተረጋገጠልኝ። ማን ነው ጎጆን የሚጠይቅ? ብርዱ አጥንት ይገባል፣ መንገዱ ወገብ ይሰብራል፤ ከገብስና ከድንች በቀር ምን አለ? ኅሊናው የሚያሳድደው ሰው ካልሆነ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ለቅሶ ቤት ስንገናኝ «ጤና ይስጥልኝ፣ መምህርት» እላታለሁ። «እርስዎ» ነው የምላት። እሷ አንዴ ፊቴን ታያለች፣ ከዚያ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

እንግዲህ ተከራይዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ የታተመውን ወረቀት ይዛ ስትመጣ ይህ ሁሉ ከጀርባዬ ነበር።

«ከመለጠፌ በፊት ይዩት ብዬ ነው» አለች። «ስም አንጽፍም። ሥራ ብቻ።»

ስድስት ሰው ነበር። ሁለተኛው «ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ኃላፊ» ይላል፤ ስለ አመራር የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ መርጠዋል። ማን እንደሆኑ አውቄ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። አራተኛው የእኔ ነው፤ የሕፃናቱ ጤና። ስድስተኛው «ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት» ይላል።

የመሬት ቀያሹ ሚስት። የልብስ ሰፊው ፊልም። የጉደሯ ሴት ዘፈን። ከሥር ደግሞ፣ «መጽሐፉን ያዋሰችኝ፣ ፊልሙን ከጎኔ ሆና ያየች፣ ዘፈኑን የቀዳችልኝ አንዲት ሴት ናት። ምርጫው የእሷ ነው፤ እኔ ጠባቂው ነኝ። መጽሐፉም እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ» ይላል።

ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩ። መጀመሪያ ወጥመድ ነው አልኩ። ሁለተኛ ሹፈት ነው አልኩ። ሦስተኛው ሐሳብ ግን ቀጥ አድርጎ አስቀመጠኝ፤ መጽሐፉ ካለ ሽፋኑም አለ። ሽፋኑ ካለ የጻፈችበት እጅ አለ። የእሷን ጽሕፈት በጨለማም አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመት የያዝኩትን ነገር በእጇ ጽሕፈት አረጋግጬ ፊቷ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

«ይኼኛው አይለጠፍም» አልኩ። «መጽሐፉ የትምህርት ቤት ንብረት ነው። ይዛው ትምጣ በያት፤ እዚህ፣ ወደ እኔ።»

«ያውቋቸዋል፣ እማማ?»

«አላውቃትም።»

«ታዲያ የትምህርት ቤት ንብረት መሆኑን በምን አወቁ?»

ይህቺ ልጅ ጨዋነቷ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አሁንም አልለየሁም ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ተንኳኳ።

«ሴትየዋ አለች?» አለ አንድ ድምፅ። «ወይስ ዛሬም ድምጿ ብቻ ነው ያለው?»

ከፈትኩ። አርጅታለች። ነጠላዋ ያው ነው፤ በአንድ እጇ ዱላ፣ በሌላው ሁለት ፌስታል። በአንደኛው ድንች፣ በአንደኛው መጽሐፉ።

«ድንቹ የጎጆ ነው» አለች። «ጉልበቴን የወሰደብኝ አገር ድንቹን ሰጥቶኛል።»

«ይግቡ» አልኳት።

«ይግቡ! ያ ነገር ዛሬም አለ?» እየሳቀች ተቀመጠች። «እሺ። እንግባ።»

ወንበሩ ላይ ጉልበቷን እያሸች ስትቀመጥ መጽሐፉን ከፌስታሉ አወጣሁት። ካኪው ጠቁሯል። ጽሑፉ ግን አልጠፋም፤ «የሒሳብ መምሪያ፣ ለመምህር፣ ሰባተኛ ክፍል»። ከሥሩ በቀይ ሁለቴ ተሰምሯል።

ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ሌላ ሰው እጄን አስመስሎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሰብኩ። ልባዱን ገለጥ አድርጌ ማዕዘኑን አየሁ። ሦስት ጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የደረቀው ዱቄት እንደ ቅርፊት ጣቴ ላይ ረገፈ። ከዚያ መጣልኝ። በክረምቱ ዝናብ ጣሪያው አፍስሶ ካበሰበሳቸው መጻሕፍት መሀል አንድ የሒሳብ መምሪያ ነበር፤ አስወግጄዋለሁ፤ ልባዱን አስቀምጫለሁ። የመሬት ቀያሹ ሚስት ልኳ ነበረች። ርዕሱን ነገ አስተካክላለሁ ብዬ አልብሻት፣ ሰኞ ደረሰ፣ ዝርዝሬን ለጠፍኩ፣ ጓደኛዬ መጣች፣ ሰጠኋት። ያኔ ገጾቹን ቆጥሬ ይሆናል። ሽፋኑን አላየሁም።

«መቼ አወቅሽ?» አልኳት። «አንቺ» ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ። ሰውዬው ሽፋኑን አይቶ የሒሳብ መምህርት ነሽ? አለኝ። የአማርኛ ነኝ አልኩት። ያን ጊዜ ከፈተው። እኔም ያን ጊዜ ነው ሽፋኑን ልብ ብዬ ያየሁት።»

«ምን አልሻቸው?»

«እኔ ነኝ የለበድኩት አልኩ።»

«ለምን?»

«እነሱም ለምን አሉኝ። የሒሳብ መምህር ባል እንዲመጣልኝ አልኳቸው። አንዱ ሳቀ። ችግሩ ሌላው አልሳቀም።»

«ዳይሬክተሩ ይህን አልነገሩኝም።»

«ሊነግሩሽ ነበር? ወንበሩን ለሚስታቸው ዘመድ ፈልገውት! የሽፋኑን ጥፋት እኔ ስወስደው፣ በርሽ ላይ ያለችውን ወረቀት ደግሞ እሳቸው ወሰዷት። አንቺን ከወንበሩ ለማንሣት ያቺ በቃች።»

«ጎጆስ? በጥያቄሽ ነው አሉ።»

«በጥያቄዬ ነው። ጥያቄውን እሳቸው ጻፉት፣ እኔ ፈረምኩ። አማርኛውም ስሕተት ነበረው፤ አርሜ ነው የፈረምኩት።»

ለስምንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም ዓረፍተ ነገር አልሆነኝም።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሦስት ጊዜ መጣሁ እኮ፣ ቆጣሪዋ።»

«በስልክ።»

«ስልክ ይጠለፋል የምትይ አንቺ። ደብዳቤ ይከፈታል የምትይ አንቺ። በሰው ብልክ ያንን ሰው ማን ላከው ልትይ ነው። በየት በኩል ልግባ?»

መጽሐፉ እንዴት እጇ እንደተመለሰ ጠየቅኳት። ከስድስት ወር በኋላ ያው የሳቀው ፈታሽ መንገድ ላይ አግኝቷት ሰጣት። ሁለተኛ ክፍል አለው ወይ ብሎም ጠይቋታል። ሚስትየው ከማን ጋር እንደቀረች አልተገለጠም፣ እንቅልፍ ነሳኝ አለ። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗን አየሁ። ጨምራበት ይሆናል፤ ድሮም ወሬ ታሳምራለች። ሁሉንም አመንኳት አልልም። ግን መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነበር፤ ልባዱም የእኔ ነው።

ገጾቹን መቁጠር ጀመርኩ።

«አሁንም?» አለች።

«ልማድ ነው።»

«ቁጠሪ፣ ቁጠሪ።»

አንድም አልጎደለም። አንድ ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት አለ፤ የእሷ ይሁን የፈታሹ አልጠየቅኩም። ይቅርታ የሚለው ቃል እንዲመጣልኝ ትንሽ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ተነሥቼ ድንቹን ቀቀልኩ። ሚጥሚጣ አቀረብኩ። እየላጠች፣ ልብስ ሰፊው ምስኪን ነው ወይስ ጎበዝ የሚለውን ካቆምንበት ቀጠለች። ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላየችውን ስፌት እኔ አሁን አየሁት ልላት ነበር። አላልኳትም። ለእሷ አንድ ነገር ሳይነገር ቢቀር ግድ የለም፤ ድሮም ከመስመር መሀል ማንበብ ታውቅበታለች።

ከሰዓት በኋላ ተከራይዬ መጣች። ሁለታችንን አንድ ላይ ስታይ በሩ ላይ ቆም አለች።

«አላውቃትም ያሉኝ እኚህን ነው?»

«የእኔን ዝርዝር አጥፊው» አልኳት። «እስክሪብቶ አውጪ።»

ነገርኳት። የመሬት ቀያሹ ሚስት። ልብስ ሰፊው። የጉደሯ ሴት፣ ሳሉ ያለበት ቅጂ። እየጻፈች ሳለ ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«እማማ፣ የሁለታችሁ አንድ ዓይነት ነው እኮ። አንዱን ልቀንሰው?»

«ሁለቱንም ለጥፊ።»

«ማን ከማን ቀዳ ይላሉ።»

«ይበሉ» አልኩ። ጓደኛዬ የያዘችውን ድንች አስቀመጠች።

«ለምን እንደወደዱትስ ምን ልበል?»

አንድ ሁለት መስመር አጻፍኳት፣ የእኔን ከሁለተኛው ሰው ዝርዝር ቀጥሎ እንድታደርግልኝም ጠየቅኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ያን ጊዜ ነው እናቷ ያሳደገቻት መሆኗን የለየሁት።

ከሄደች በኋላ ካኪውን ከመጽሐፉ አውልቄ ገለበጥኩት። የውስጡ ፊት ንጹሕ ነበር። ዱቄት ቀቀልኩ፣ ማዕዘኑን ሦስት ጊዜ አጠፍኩ፣ ትክክለኛውን ርዕስ በትልቁ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ትከሻዬ ላይ ሆና «ዘግይቷል እንጂ ቆንጆ ነው» አለች። መጽሐፉን መልሼ ለእሷ አዋስኳት፤ እሷ ጎጆ ስለከረመች ጉደር ያለችው እህቷ መጨረሻውን ገና አልሰማችም ነበርና።

ሰኞ ሁለታችን ሄደን አየነው። ወረቀቱ በሩ ላይ ነው። ስለ አመራር ወፍራም መጽሐፍ ከመረጡት ሰውዬ ሥር የእኔ አለ፤ ከእኔ ሥር የእሷ። የእኔ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ይህን መጽሐፍ ስለ መሬት ነው የሚላችሁ ሰው አላነበበውም፤ የወሰደው ወንበርም ይመለስ።»